ፈረስ ያለበት ቤት

ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ባለጸጋ ነው ለማለት አይቻልም። እንዲያውም ገብሱን ከልጆቹ ጋር የሚካፈል፥ ጭዱን ከላሞቹ ጋር የሚሻማ፥ አጥሩንም እየገፋ የሚያፈርስ አንድ ቤተ ሰብ የጨመረ ሰው ነው። ነገር ግን ፈረስ ባለበት ቤት ሳቅ አይታጣም ብንል ሐሰት አይሆንብንም። በሬ ያርሳል፤ ላም ትታለባለች፤ አህያ ትጫናለች፤ እነዚህ ሁሉ ሥራቸውን ፈጽመው ሲያርፉ ባለቤታቸውም አብሮ ያርፋል። ፈረስ ግን ከሥራው በላይ ጠባይ አለው፤ ይኰራል፥ ያኰርፋል፥ ይቀናል፥ ያታልላል፥ ሲሻውም እንደ ሕፃን ይፈራል። ስለዚህ ባለፈረስ የሆነ ሰው ከቤተ ሰቡ መካከል አንዱ አራት እግር ያለው እንደ ሆነ ቈጥሮ መኖር ይገባዋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በ2012 ዓ.ም. በወርኀ ጥር ያደረግነው ጉዞ ነው። ሦስት መምህራን ሆነን፥ ትምህርት ቤታችን ለዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፥ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ወደ እንጅባራ ሄድን፤ በአንድ ባለፈረስ ገበሬ ቤትም አራት ቀን ተቀመጥን። በዓሉን ብለን የሄድን ሰዎች ከበዓሉ ይልቅ የቤቱን ኑሮ በልባችን ይዘን ተመለስን። ለአንባብያንም የምናቀርበው ይህንኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ እንጦጦን ወደ ኋላው ትቶ፥ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሱሉልታንና ጫንጮን ሲያልፍ ከፈረስ አገር መግባቱን ወዲያው ያውቃል። በሰላሌ ደጋ ገበሬው ቡልኮውን ተከናንቦ፥ ዱላውን በጭኑ ላይ አጋድሞ፥ በፈረስ ወደ ገበያ ሲሄድ፥ ውርንጭላውም ከእናቱ ኋላ እየዘለለ ሲከተል ይታያል። የኦሮሞ ሕዝብ ፈረስን ፈርዳ ይለዋል፤ ጥቁሩን ፈረስ ጉራቻ ማለትንም አማርኛ የተዋሰው ከዚሁ ቋንቋ ነው። የፈረስ ነገር ሲነሣ ቋንቋዎቻችን እንደ ጥሩ ጎረቤቶች ዕቃ ሲዋዋሱ ኖረዋል።

ዐባይን ተሻግረን፥ ደጀንን አልፈን፥ በጎጃም ከሚገኙት ከተሞች በአንዲቱ አደርን። ከመናኸሪያው ወደ ማደሪያችን የወሰደን የፈረስ ጋሪ ነበር። ጋሪ ነጂው ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ወጣት ሲሆን ፈረሱን ግን ከአንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ገዝቶታል። ጥቂት እንደ ተጓዝን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ ፈረሱ ማንም ሳያዝዘው ቀጥ ብሎ ቆመ። ነጂው ቼ ቢለው፥ ዛቡን ቢያወዛውዝ፥ በልመናም ቃል ቢያናግረው አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ወጣቱ ኮፍያውን አውልቆ ባማተበ ጊዜ ፈረሱ ራሱን ነቀነቀና መንገዱን ቀጠለ።

«ሽማግሌው ከዚህ ሲደርሱ ሳይሳለሙ አያልፉም ነበር» አለን ወጣቱ እየሳቀ። «እኔ ፈረሱን ስገዛ ሥርዐቱንም አብሬ የገዛሁ አልመሰለኝም ነበር። አሁን ሳላማትብ የማልፈው ቤተ ክርስቲያን የለም። እናቴም ልጄ ተለወጠልኝ እያለች ትመርቀኛለች።»

ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህን ሰምቶ፥ «እኛ ስንት ዓመት አስተምረን ያላገኘነውን ፍሬ ይህ ፈረስ በአንድ መቆም አገኘው» ቢል ጋሪው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በእውነቱ ፈረስ ያየውን ቦታና የለመደውን ነገር አይረሳም፤ በዚያ ስፍራ የሆነለትን መልካም ነገርና የደረሰበትን ክፉ ነገር ለብዙ ዓመት ይዞ ይኖራል። ይህ ጠባዩ ባለቤቱን አንዳንድ ጊዜ እንደሚያስመሰግነው ሁሉ አንዳንድ ጊዜም እንደሚያሳፍረው ኋላ ሰምተናል፤ እርሱንም በስፍራው እንነግራለን።

በማግሥቱ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈን ቲሊሊ ስንደርስ አየሩ እየቀዘቀዘ፥ ቀርከሃውም እየበዛ ሄደ። ከመንገዱ ዳር ዘንገና የሚባለው ክብ ሐይቅ በዛፍ ተከቦ፥ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ከቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከዚያ እንጅባራ ቅርብ ናት። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል፤ ክረምቱ ረዥም፥ ጭቃውም ብርቱ ነው። መኪና በማይገባበት ጊዜ ዘር የሚያመላልስ፥ ሙሽራ የሚያመጣ፥ በሽተኛ የሚያደርስ ፈረስ ነው። የአዊ ሕዝብ ለፈረስ ያለውን ፍቅር ሰዎች ስለ ጨዋታና ስለ ክብር ብቻ አድርገው ሊያዩት ይችሉ ይሆናል፤ የፍቅሩ ሥር ግን በዚህ ጭቃ ውስጥ ነው።

የተቀበሉን አባት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ሲሆን ከባለቤታቸው፥ ትዳር ከያዘው ታላቅ ልጃቸው፥ ከምራታቸውና ሰባት ዓመት ከሆናት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እርስ በርሳቸው በአዊኛ ይጫወታሉ፤ ለእኛ ሲሉ ግን ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ሁለት ፈረሶች አሏቸው። አንዱ ዳማ፥ አምስት ዓመት የሆነው፥ ጕልበተኛና ተንኰለኛ ነው። ሁለተኛው አምባላይ፥ ሃያ አራት ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ስለሚታወቅ ለእኛም ከንፈሩን ገልጠው አሳዩን፤ ጥርሱ ረዝሞና ዘሞ፥ ከፊሉም አልቆ አየነው።

የዳማው ተንኰል የታወቀው ገና በመጀመሪያው ጧት ነው። ኮርቻ በተጫነበትና ጠፍር በሚጠበቅበት ሰዓት ዳማው ሆዱን በአየር ነፍቶ ይቆማል። ጠፍሩ የጠበቀ መስሎ ይታሰራል። ሰውየው እርካብ ረግጦ ሲነሣ ዳማው አየሩን ያስተነፍሳል፤ ኮርቻው ይላላል፤ ፈረሰኛው ከነክብሩ ወደ ሆዱ ሥር ይዞራል። ከባልደረቦቻችን መካከል የሒሳብ መምህር የሆነው ይህን በራሱ ላይ ፈትኖ ዐወቀው። ከሣሩ ላይ ሲነሣ ባለቤቱ አባት በትሕትና፥ «የኔታ፥ ዳማው እስትንፋሱን ሲይዝ ትንሽ ጠብቀው፥ እንደ ገና ማጥበቅ ነበር» አሉት። መምህሩም አቧራውን እያራገፈ፥ «ከተማሪዎቼ መካከል በፈተና ጊዜ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ» አለ።

ይኸው ጕግስ የለመደ፥ ጩኸት የማያስደነግጠው ዳማ ግን ነፋስ ያነሣት አንዲት ፌስታል ስትበር ባየ ጊዜ አራት እግሩን ዘርግቶ ይቆማል፤ እያንኰራፋ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል። የሚያሳድደው ጅብ እንኳ ቢሆን ከዚህ የበለጠ አይፈራም። ሰው ይህን አይቶ ይስቃል፤ ነገር ግን ፍርሀቱ ምክንያት አለው። የፈረስ ዐይኖች በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ስለ ሆኑ ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ጥቂት ብቻ ነው የሚቀረው፤ የማይታየው ከግንባሩ ፊት ያለው ጠባብ ስፍራና በስተ ኋላው ያለው ነው። በሜዳ የሚኖር፥ በሩጫ ብቻ የሚድን ፍጥረት ነበርና፥ በዳር ዐይኑ የምትወዛወዝ ነገር ሁሉ ጠላት ትመስለዋለች። ፈረስ ከኋላው የመጣበትን ሰው የሚረግጠውም ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ ሳያየው ስለ ቀረበው ነው። ልጆችን ከፈረስ ጋር ስናስለምድ ከትከሻው በኩል፥ ድምፅ እያሰሙ እንዲቀርቡ ማስተማር የሚገባን ስለዚህ ነው።

ትንሿ ልጅ ግን የተወዳጀችው ከአምባላዩ ጋር ነበር። ሲመሽ ወደ ጋጡ ገብታ ትጠብቀዋለች፤ ቆሞ ሲያንቀላፋ ሲያይዋት እጇን ከአፏ ላይ አድርጋ ዝም በሉ ትላለች። ፈረስ የእግሮቹን መገጣጠሚያ ቈልፎ ቆሞ ማንቀላፋት ይችላል፤ ለጥልቅ እንቅልፍ ግን ጥቂት ጊዜ መተኛት ያስፈልገዋል። ልጅቱም፥ «ለምን ቆሞ ይተኛል?» ብላ ጠየቀችን። እኛ በልጅነታችን በቅኔ ማሕሌት ቆመን ያደርን ሰዎች ስለ ሆንን ጥያቄው ከልባችን ገባ። «ማሕሌት ቆሞ ነው» አልናት። እርሷም ጥቂት አስባ፥ «መቋሚያውስ የት አለ?» አለች። ለዚህ መልስ አላገኘንም፤ እኛ ከእርሱ ያነስን እንደ ሆንን ግን ዐወቅን፤ እርሱ ያለ መቋሚያ ያድራልና።

የፈረስ ትዝታ ያሳፍራል ያልነውን ታሪክ የነገሩን እማወራዪቱ ናቸው፤ ባለቤታቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው ጢማቸውን እየነኩ ያዳምጡ ነበር። በጎረቤት የሚኖር አንድ ሰው በገበያ ቀን አምሽቶ ሲመለስ ከሽማግሌዎች ጉባኤ እንደ ዋለ ለሚስቱ ይናገር ነበር። አንድ ቀን ታሞ ቀረና ሚስቱ በፈረሱ ተቀምጣ ገበያ ሄደች። ፈረሱም ሦስት መንታ መንገዶችን አልፎ፥ ማንም ሳይመራው፥ ከአንድ ጠላ ቤት ደጃፍ ደርሶ ቆመ፤ ሴትዮዋ ብትጐስመውም አልነቃነቅም አለ። የጠላ ቤቷ ባለቤት ከውስጥ ሆና፥ «ዛሬ በጊዜ መጣህ፤ ግባ እንጂ» ብላ ጮኸች። «ከዚያ ቀን ወዲህ» አሉ እማወራዪቱ፥ «ጉባኤው ተበተነ፤ ፈረሱም በመንደሩ እውነተኛ ምስክር ተባለ።» አባወራው ሳቁን መቈጣጠር አቅቷቸው፥ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው ተረት አልቀረም፤ ይህኛው ግን አድርሶ አዋጋ» አሉ።

እንዲህ ያለው ሳቅ ሦስት ቀን ሞላው። በበዓሉ ዋዜማ ማታ ግን፥ እራት ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ፥ ታላቁ ልጅ ጕሮሮውን ጠርጎ፥ «አባባ፥ መምህራኑ ባሉበት ልናገርና ይፍረዱን» አለ።

«ተናገር፥ ልጄ።»

«አምባላዩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሥራ አልሠራም። ገብሱ ካልተከካለት አይበላም። የግጦሹን መሬት አጋምሰን ዛፍ ተከልንበት፤ የቀረችው ሣር ለላሞቹና ለዳማው እንኳ አትደርስም። ጭድ ደግሞ በገንዘብ ሆኗል። ከበዓሉ በኋላ ገበያ ብናወጣው ለጋሪ የሚፈልገው አይጠፋም። እርስዎን ለማሳዘን አይደለም፤ ቤቱ እንዳይጎዳ ብዬ ነው።»

አንባቢ ይህን ልጅ እንደ ጨካኝ እንዳይቈጥርብን እንለምናለን። በአዊ አገር ካለፉት ሁለትና ሦስት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ብዙ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳቸውና በግጦሻቸው ላይ እየተከሉ፥ በአምስት ዓመት ገደማ ቈርጠው ከሰል በማክሰል ገንዘብ ያገኛሉ። ከዚህ ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ ልጅ ይማራል፤ የታመመ ይታከማል። ነገር ግን ዛፉ በበዛ መጠን ሣሩ ያንሳል፤ ሣሩም ባነሰ ጊዜ ከከብቶች ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የማይታለበውና የማያርሰው ፈረስ ነው። ስለዚህ የልጁ ነገር የአንድ ቤት ነገር ብቻ አልነበረም።

አባትየው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ።

«ልጄ፥ የተናገርኸው እውነት ነው። ሣሩ ማነሱን እኔም አያለሁ። ነገር ግን ይህች ልጅ ልትወለድ ሚስትህ ሁለት ቀን ባማጠች ጊዜ፥ ክረምቱ መንገዱን ቈርጦት መኪና አልገባም ባለ ጊዜ፥ ማን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ እንዳደረሳት አልረሳኸውም። እኔ ልጓሙን ይዤ፥ አንተ ከጎን ደግፈሃት፥ አምባላዩ በዚያ ሁሉ ጭቃ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም።»

«አልረሳሁትም፥ አባባ።»

«ዛሬ ለጋሪ የሚገዛው ሰው የቀረችውን ጕልበት ይጨርሳታል። ሲወድቅ ደግሞ ሌሊት አስፋልት ዳር ይለቀዋል፤ አንተም በዚያ መንገድ ስታልፍ ታየዋለህ። እኔም እኮ ጥርሴ አልቋል፤ እናትህ ፍትፍት አድርጋ ነው የምታበላኝ። ይህች ልጅ የምናደርገውን ሁሉ ታያለች። ከደብተሯ የማትማረውን ከጋጡ ትማራለች።»

በቤቱ ጸጥታ ሆነ። ያን ጊዜ የተኛች የመሰለችን ልጅ ከአያቷ ጋቢ ሥር ራሷን አውጥታ፥ «አያቴንስ ማን ይገዛቸዋል?» አለች።

ከሁሉ አስቀድመው የሳቁት አያቷ ናቸው፤ እንባቸው እስኪፈስስ ሳቁ። አባቷም፥ «የእርሳቸውን ገበያ አላውቀውም፤ ገዢ የሚገኝም አይመስለኝ» ብሎ አብሮ ሳቀ። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ ፊቱ ተለውጦ ጥቂት ቈየና፥ «ዘንድሮ ዛፉ ሲቈረጥ አንዱን ገመድ እንደ ገና አልተክለውም፤ ለሣር ይሁን» አለ። አንድ ገመድ መሬት ለአነስተኛ ገበሬ ምን ያህል እንደ ሆነ ያረሰ ሰው ያውቀዋል። ምራቲቱ አንዲት ቃል ሳትናገር ተነሥታ፥ ለማግሥቱ ቁርስ ከተቀመጠው ገብስ እፍኝ ያህል በሙቀጫ ከክታ፥ በሰፌድ ይዛ ወደ ጋጡ ወጣች። እኛም እንድንፈርድ ተጠርተን ሳለን ፍርዱ ያለ እኛ በማለቁ እግዚአብሔርን አመሰገንን።

በማግሥቱ ጥር 23 ቀን ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ ይኸውም ገና የኢጣልያ ጦር በአገራችን ሳለ ማለት ነው። እኛ የደረስንበት በዓል 80ኛው ዓመት ነበር። በዓሉ በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሰኞችና ከእነርሱ ጋር የተሰለፉትን ፈረሶች ያስባል፤ የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ስለ ሆነ፥ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ የሚሣለው ሰማዕት ወርኀዊ በዓል ለዚህ መታሰቢያ መመረጡ ተገቢ ነው። ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ለመጋለብ ብቻ የቆመ አይደለም፤ አባላቱ በሠርግና በልቅሶ ይተጋገዛሉ፥ የተጣላውንም ያስታርቃሉ።

በዚያ ሜዳ ላይ በግላስ ያጌጡ፥ ጋማቸው የተበጠረ፥ ግንባራቸው በቀለም ጥለት የተሸለመ ፈረሶች ሲሰለፉ ስናይ የቀድሞ አባቶች በፈረሳቸው ስም ለምን ይጠሩ እንደ ነበር ገባን። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ንጉሥ ቢሆን መኰንን፥ ስሙን በፈረሱ አስጠራ እንጂ ፈረሱን በስሙ ብቻ አላስጠራም። በቅሎ እንኳ፥ አባትህ ማን ነው ቢሉት፥ ፈረስ አጎቴ ነው ብሎ አህያነትን እንደ ሸሸ በተረት ይነገራል፤ ሰውም በዚህ ከበቅሎ ብዙ አይርቅም።

ሶምሶማው፥ ግልቢያውና ጕግሱ ሲጀመር ዳማው ከታላቁ ልጅ ጋር በሜዳው ላይ ነበር፤ ጠፍሩም ሁለት ጊዜ ተጠብቆለታል። አምባላዩ ግን አሮጌ ግላሱን ለብሶ፥ አባትየው ተቀምጠውበት፥ ትንሿ ልጅ ልጓሙን ይዛ በዳር በዳር ይሄድ ነበር። የግልቢያው ድምፅ በተሰማ ጊዜ ጆሮዎቹን አቀና፤ አንገቱን ቈለመመ፤ አሽካካ። ሽማግሌው «ረጋ በል፥ እኩያዬ» ቢሉትም አልሰማም፤ ልጅቱ ልጓሙን ስትለቅቅለት ሃምሳ እርምጃ ያህል ጋልቦ፥ ወደ ማንም ሳይደርስ፥ ማንንም ሳይቀድም ቆመ። ከቆመም በኋላ ዙሪያውን እንዳሸነፈ ሁሉ በኵራት ተመለከተ። በዳር የነበረው ሕዝብ እልል አለ። ከዚያ ሁሉ ፈረሰኛ መካከል እንደ እርሱ የተጨበጨበለት አላየንም፤ አባትየውም ቆባቸውን አስተካክለው፥ «እኔ አይደለሁም፤ እርሱ ነው» እያሉ እጅ ነሱ።

ስንመለስ በሌሊት በተጓዝንበት መንገድ፥ ከአንዲት ከተማ መውጫ፥ አንድ ገጣባ ፈረስ በአስፋልቱ ዳር ቆሞ አየን። አንዱን እግሩን አንሥቶ ይዞታል፤ በጀርባው ላይ የጋሪው ዕቃ የፈጀው ቁስል አለ። መኪኖች ሲያልፉ እንኳ አልሸሸም። ያ ዐይኑን እያዞረ ፌስታል የሚፈራው ፍጥረት መኪና አለመፍራቱ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነን። እስከ ንጋት ማናችንም ብዙ አልተነጋገርንም።

በአገራችን የሚገኙት ፈረሶች ሁለት ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ የከብት ቈጠራ ያመለክታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ያለ ሰንበት የሚሠሩ ናቸው። ባጃጅ በከተሞች በበዛ ቍጥር የጋሪ ፈረስ ዋጋ ይወርዳል፤ ዋጋውም ሲወርድ ባለቤቱ ለሕክምናው ገንዘብ ማውጣት ይከብደዋል። የጋሪ ነጂውም ድኻ ነው፤ ወቀሳ ብቻ አይመግበውም። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ርኅራኄ ብዙ አለ። ከኮርቻና ከጋሪ ዕቃ ሥር ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። የቈሰለውን ጀርባ እስኪድን አለመጫን፥ በቀን ደጋግሞ ውሃ ማጠጣት፥ ሲመሽ ሰኮናውን አንሥቶ ጠጠሩን ማውጣት፥ ራሱንና ዐይኑን አለመምታት ገንዘብ አይጠይቅም። የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማዋል ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በቁስልና በዝንብ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚጋባ፥ ብዙ የጋሪ ፈረሶችን የሚጥል የቆዳ በሽታ አለና።

ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ መጽሐፈ ምሳሌ ያስተምረናል። ሰንበትንም የሠራልን አምላክ ዕረፍቷን ለከብታችን ጭምር እንዳዘዘ በትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያንም ተምረናል። ይህን ትእዛዝ ለልጆቻችን በቃል ብናስጠናቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ቃሉን በጋጥ ውስጥ ሲፈጸም ያየ ልጅ ለመርሳት ይቸገራል። ፈረስ የሌለው ቤት እንኳ ላም፥ በግ፥ ውሻ ወይም ድመት አያጣም፤ ትምህርቱ ያው ነው።

በዚህ ዓመት ከእንጅባራ የስልክ ቃል ደርሶናል። ዛፉ ተቈርጦ፥ አንዱ ገመድ ለሣር ቀርቷል። አምባላዩ ከዚያ በዓል በኋላ ሁለት ክረምት በዚያው ጋጥ ቈይቶ፥ አንድ ጧት ተኝቶ ተገኘ፤ ያን ጊዜ መቋሚያ ሳያስፈልገው ዐረፈ። ልጅቱ አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ለአያቷ ፍትፍት የምታቀርበው እርሷ እንደ ሆነች አባቷ ነገረን፤ ዳማውንም ጠፍሩን ሁለት ጊዜ እያጠበቀች ወደ ገበያ ትሄድበታለች።